አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭ ነበር። በሮም (1952 ዓ.ም.) እና በቶክዮ (1957 ዓ.ም.) ኦሊምፒኮች ማራቶንን በማሸነፍ፣ በዚህ ርቀት ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሯጭ ሆኗል። የሮም ድሉ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሲሆን፣ አበበም የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ባለወርቅ ነው።

ስሙ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ በመሮጡ ነው። ይህ ታሪክ ሲነገር ግን ከድሉ በፊት የነበሩት የልምምድ ዓመታት ይዘነጋሉ። አበበ ሮም ሲደርስ የዓለም ጋዜጠኞች አያውቁትም ነበር እንጂ ያልተዘጋጀ ሯጭ አልነበረም።

ልጅነት

አበበ በሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አካባቢ በምትገኘው ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ አቶ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ለመሰደድ ተገድዶ ነበር። በልጅነቱ ሜዳ ለሜዳ ብዙ የሚያስሮጠውን የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት በወታደርነት ተቀጠረ።

የሩጫ ጅማሬ

ክብር ዘበኛ ከገባ በኋላ በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ሠራዊቱን ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ትጋቱን ተመልክቶ ለማራቶን ያዘጋጀው ጀመር። በ1956 እ.ኤ.አ. በተደረገው የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና አበበ በዘመኑ ታዋቂ በነበረው በዋሚ ቢራቱ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ።

ለማራቶን የተደረገ ዝግጅት

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይረዝማል። ይህን ርቀት ለመጨረስ ጉልበት ብቻ አይበቃም፤ ሰውነት ለረጅም ሰዓት በአንድ ዓይነት ፍጥነት መሮጥን ቀስ በቀስ መልመድ አለበት። የኒስካነን ሥልጠናም በአንድ ዓይነት ሩጫ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአውራ ጎዳና ላይ የሚደረግ ረጅም ሩጫን፣ የአገር አቋራጭ ሩጫንና በመም ላይ እየተደጋገመ በፍጥነት የሚሮጥ አጭር ርቀትን ያጣመረ ነበር። ረጅሙ ሩጫ ጽናትን፣ ዳገትና ቁልቁለቱ የእግር ጥንካሬን፣ የመም ልምምዱ ደግሞ ፍጥነትን ያዳብራል።

ቦታውም የራሱ ድርሻ ነበረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የኖረና የሠለጠነ ሰው ደሙ ኦክስጅን የማመላለስ አቅሙ ይጨምራል፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድም መሮጥ ይቀለዋል።

አበበ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት እዚያው አዲስ አበባ ላይ ሲሆን፣ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላም በዚያው ከተማ ደግሞ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ይህ ሰዓት የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ከ1 ደቂቃ ተኩል በላይ የፈጠነ ነበር። ከዚህ በኋላ ኒስካነን አበበ ቢቂላንና አበበ ዋቅጅራን ለሮም ማራቶን አስመዘገበ። አበበ በአጋጣሚ ሮም ደረሰ የሚለው ወሬ ከእነዚህ ሁለት ውድድሮች ውጤት ጋር አይጣጣምም።

የሮም ማራቶን

አበበ ሮም ላይ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዛ፤ ጫማው ግን አልተስማማውም፣ እግሩም ውሃ ቋጠረ። ስለዚህ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውሳኔው ትዕይንት ለመፍጠር ሳይሆን ለተፈጠረው ችግር የተገኘ መፍትሔ ነበር።

ከውድድሩ በፊት አሠልጣኙና ሯጩ መንገዱን አጥንተዋል። ጣልያን በወረራው ዘመን ከአክሱም የወሰደችው ሐውልት በውድድሩ መስመር ላይ፣ ከመጨረሻው ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ሐውልቱን ለመጨረሻው ፍጥነት ምልክት አድርገው መረጡት።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሯጮቹ አመሻሹ ላይ ከካፒቶሊን ኮረብታ ተነሡ፤ ሲመሽም ጥንታዊው የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን ደመቀ። አበበ መለያ ቁጥሩ 11 ነበር። እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሯጭ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ ቁጥሩ 26 ይሆናል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ሮጠ። ሁለቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ከሌሎቹ ተነጥለው ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ ይፈልግ ነበር።

በመጨረሻ አበበ ፍጥነት ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲፈጽም፣ ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞት ነበር። ሰዓቱም የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። የአክሱም ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው ከዚህ ውድድር 45 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ከሮም በኋላ

አበበ በ1957 ዓ.ም. ወደ ቶክዮ የሄደው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጦ ጥቅምት 11 ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸነፈ፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰንም አስመዘገበ። ድሉ ያለ ጫማም ሆነ በጫማ ማሸነፍ እንደሚችል አሳየ። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ግን በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን አቋረጠ፤ የማራቶኑን ወርቅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ከታከመ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተካሄደ የተንሸራታች ጋሪ ውድድርም አሸንፏል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ብዙ ሕዝብ በተገኘበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአበበ ቢቂላ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል።