አብራሪዎችን ከመሬት ሳይነሡ ያበረረው ኤድዊን ሊንክ

የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ አፍቃሪ የሆኑ በርካታ ሰዎች በየመኖሪያ ቤታቸው ለየት ያለ መቀመጫ ይሠራሉ። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር፣ መሪ፣ ፔዳሎች፣ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማዕቀፍ፣ ከሥሩም ወንበሩን ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብሉ የኤሌክትሪክ ሞተሮች። በስክሪኑ ላይ የምትታየው መኪና ፍሬን ስትይዝ ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል፤ ነዳጅ ሲሰጣት ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሾፌሩ ከሳሎኑ ሳይወጣ መንገዱ በሰውነቱ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማዋል።

መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ይህ ሐሳብ መነሻው አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ምድር ቤት ነው። ባለቤቱም ኤድዊን አልበርት ሊንክ ይባላል። አሜሪካዊው ሊንክ የዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ አልነበረም። ከእንጨት፣ ከቆዳና ከአየር ጋር ሲታገል ያደገ የኦርጋን ሠሪ ልጅ ነበር።

የኦርጋን ሠሪው ልጅ

ሊንክ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 1904 በኢንዲያና ግዛት ሀንቲንግተን ከተማ ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ ተዛወረ። አባቱ በዚያ ለኪሳራ የተዳረገ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ገዝቶ የሊንክ ፒያኖና ኦርጋን ኩባንያን አቋቋመ።

ፋብሪካው ያለ ተጫዋች በራሳቸው የሚጫወቱ ፒያኖዎችንና ድምፅ አልባ ፊልም የሚያሳዩ ቤቶች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ታላላቅ ኦርጋኖችን ይሠራ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የሚንቀሳቀሱት በአየር ነው። የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ሲዞር በቀዳዳዎቹ የሚያልፈው አየር ቫልቮችን ይከፍታል፤ ቫልቮቹ ትንንሽ ወናፎችን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወናፎቹም የፒያኖውን መዶሻ ይመታሉ። ወጣቱ ሊንክ ይህን ጥበብ እየፈታና እየገጠመ ተማረው።

ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበር። በ1920፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን የበረራ ትምህርት ወሰደ። የከፈለው 50 ዶላር ለዚያ ዘመን ወጣት ትልቅ ገንዘብ ነበር። አስተማሪው አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሲገለብጥና ሲያሽከረክር ቆይቶ አሳረፈው። ተማሪው መሪውን አንዴም አልነካም። ሊንክ ከዚያ ቀን የቀሰመው ትምህርት ስለ መብረር ብዙም አልነበረም፤ የማስተማሪያው መንገድ ውድ፣ አደገኛና ብክነት የበዛበት መሆኑን ግን ተረድቶ ወጣ።

ከዚያም በኋላ ከበረራ አልተለየም። የሴስና ኩባንያ ለገዢ ያስረከበውን የመጀመሪያ አውሮፕላን የራሱ አደረገ፤ በየከተማው የአየር ላይ ትርዒት በማሳየት፣ መንገደኛ በማጓጓዝና በማስተማር ኑሮውን ለመደጎም ሞከረ።

በወናፍ የሚበር አውሮፕላን

ከ1927 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ውስጥ ሊንክ በአባቱ ፋብሪካ ምድር ቤት ተቀምጦ አንድ መሣሪያ ሠራ። የክንፎቹ ርዝመት ከቁመቱ የማይመጣጠን፣ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ነበር። በውስጡ አንድ ሰው የሚይዝ ወንበር፣ መሪ ዘንግና የእግር ፔዳሎች አሉት። አካሉ በየአቅጣጫው መዘንበል በሚችል መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ከሥሩ ከኦርጋን የተወሰዱ ወናፎች በፊት፣ በኋላ፣ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አየር ይስባል። ተማሪው መሪውን ወደ ግራ ሲገፋ ቫልቭ ይከፈትና በግራ በኩል ካለው ወናፍ አየር ይመጠጣል። ወናፉ ይጨማደዳል፤ አውሮፕላኑም ወደ ግራ ያዘነብላል። መሪውን ሲስብ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ሲገፋ ይደፋል። ሌላ በአየር የሚሠራ ሞተር ደግሞ ሙሉ አካሉን በቦታው ያሽከረክረዋል። ለሙዚቃ የታሰበው የአየር ጥበብ ለበረራ ዋለ።

ሊንክ በሚያዝያ 1929 የፈጠራ ባለቤትነት ጥያቄ አቀረበ፤ በ1931ም ጸደቀለት። ሰነዱ መሣሪያውን የሚገልጸው ለተማሪ አብራሪዎች ማሠልጠኛም ለመዝናኛም የሚያገለግል አድርጎ ነው። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛዋን ማሪዮን ክሌይተንን አገባ። ማሪዮን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የሥራው አጋር ሆነች።

የመዝናኛ ፓርክ ዕቃ

ሊንክ አዲሱን መሣሪያ ለአየር ኃይልና ለበረራ ትምህርት ቤቶች አሳየ። ብዙዎቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በዚያ ዘመን እምነት መብረር የሚለመደው በመብረር ብቻ ነበር። ከመሬት ያልተነሣ ሣጥን አብራሪ ያደርጋል ብሎ ማሰብ ለብዙዎች ቀልድ ነበር።

የገዙት የመዝናኛ ፓርኮች ናቸው። ሳንቲም የከፈሉ ወጣቶችና ሕፃናት ተቀምጠውበት ይጫወቱ ጀመር። ሊንክ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ቢንግሃምተን ውስጥ የራሱን የበረራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ተማሪዎቹን መጀመሪያ በሣጥኑ፣ ቀጥሎ በእውነተኛ አውሮፕላን ያስተምር ነበር። ይሁንና ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን የመታበት ነበር። የድምፅ ፊልም መምጣትም የቲያትር ኦርጋን ገበያን ገደለው። የአባቱ ፋብሪካ ሥራው ሲቀዘቅዝ የልጁም ሣጥን የሚፈልገው ጠፋ።

የ1934ቱ ክረምት

ሁኔታውን የቀየረው አደጋ ነው። በየካቲት 1934 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከግል አየር መንገዶች ጋር የነበረውን የአየር ፖስታ ውል ሰርዘው ሥራውን ለጦር ሠራዊቱ የአየር ክፍል ሰጡ። ክረምቱ ከባድ ነበር። የጦር አብራሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሠለጠኑት በጠራ ሰማይ፣ በዓይናቸው እያዩ ለመብረር ነው። በጉም፣ በበረዶና በሌሊት ፖስታ እንዲያደርሱ ሲታዘዙ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአሥር በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጡ።

ጉም ውስጥ አብራሪን የሚገድለው የራሱ ሰውነት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል ዓይን አድማስን ካላየ በቀላሉ ይታለላል። አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ እያዘነበለ ወደ መሬት ሲወርድ አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። የሚያድነው የሰውነቱን ስሜት ትቶ ከፊቱ ያሉትን ጠቋሚ መሣሪያዎች ማመን ነው። ይህም ያለ ልምምድ አይገኝም። የሊንክ ሣጥን ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ እንደ ጉም ይሆናል፤ ተማሪው ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚያየው የለም። በስሜቱ ተመርቶ ቢሳሳት የሚከሰከሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የአየር ክፍሉ መኮንኖች መሣሪያውን ለመገምገም ሊንክን በኒውጀርሲ ኒዋርክ ቀጠሩት። በቀጠሮው ቀን ጉሙ የከበደ ስለነበር መኮንኖቹ በዚህ አየር ማንም አይበርም ብለው ደመደሙ። ሊንክ ግን በመሣሪያ እየተመራ ከቢንግሃምተን በርሮ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና አረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ጦሩ እያንዳንዳቸው በ3,500 ዶላር ስድስት ማሠልጠኛዎች አዘዘ።

ሰማያዊው ሣጥን

ሊንክ ከወንድሙ ከጆርጅ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ማምረት ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ትእዛዙ ጎረፈ። በሰማያዊ ቀለሙ ሰማያዊው ሣጥን የሚል ስም የወጣለት ይህ ማሠልጠኛ በጦርነቱ ዓመታት ከ10,000 በላይ ተመርቷል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ አየር ኃይል አባላትም ሠልጥነውበታል።

ከሣጥኑ አጠገብ አስተማሪው ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። በጠረጴዛው ላይ ካርታ ተዘርግቷል፤ በካርታው ላይ ጎማ ያላት ትንሽ መሣሪያ እየተንቀሳቀሰች ተማሪው በሐሳብ የሚበርበትን መንገድ በቀለም ታሰምራለች። አስተማሪው በሬዲዮ ምልክት ይልክለታል፤ የነፋስ ግፊት ይጨምርበታል። ትምህርቱ ሲያበቃ ተማሪው ወርዶ መንገዱን ያያል። ወደ ማረፊያው ደርሶ እንደሆነ ወይም ተራራ መትቶ እንደሆነ መስመሩ ይነግረዋል።

ሊንክ ከባሕር ኃይል መኮንኑ ፊሊፕ ዊምስ ጋር ሆኖ በከዋክብት እየተመሩ የመብረር ማሠልጠኛም ሠራ። 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጎተራ መሰል ሕንፃ ውስጥ ሰው ሠራሽ የከዋክብት ጣሪያ ከሠልጣኞቹ በላይ ይንቀሳቀስ ነበር። በሌሊት አትላንቲክን የሚሻገሩ ቡድኖች ጉዞውን አስቀድመው እዚያው ይለማመዱት ነበር።

ከሰማይ ወደ ባሕር

በ1954 ሊንክ ኩባንያውን ሸጠ። የእርሱን ስም እንደያዘ የቀጠለው ድርጅት በኋላ የጄሚኒና የአፖሎ ጠፈርተኞች የሠለጠኑባቸውን ሲሙሌተሮች ሠርቷል። መሥራቹ ግን ትኩረቱን ወደ ባሕር አዞረ። ሲ ዳይቨር በተሰኘችው መርከቡ ከማሪዮን ጋር እየተጓዘ የሰመጡ መርከቦችንና ከተሞችን ይፈልግ ነበር። በ1959 በ1692 የመሬት መንቀጥቀጥ ባሕር የዋጠውን የጃማይካ ፖርት ሮያል ወደብ መረመረ።

ባሕሩም ውስጥ የገጠመው ጥያቄ ያው ነበር፤ ሰው ወደ አደገኛ ቦታ ገብቶ በሕይወት እንዴት ይመለሳል? በነሐሴ 1962፣ የ58 ዓመቱ ሊንክ ቁመቷ ከሦስት ሜትር ብዙም በማይበልጥ የአሉሚኒየም በርሜል ውስጥ ሆኖ በፈረንሳይ ጠረፍ በ18 ሜትር ጥልቀት ስምንት ሰዓት ቆየ። በቀጣዩ ወር ቤልጂየማዊው ጠላቂ ሮበርት ስቴኑዊ በዚያችው በርሜል 61 ሜትር ወርዶ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ወጣ። በ1964 ደግሞ ስቴኑዊና ጆን ሊንድበርግ በባሃማስ በ132 ሜትር ጥልቀት፣ ሊንክ በሠራው የጎማ ማደሪያ ውስጥ 49 ሰዓት አሳለፉ።

የ1973ቱ ሐዘን

ከእነዚህ ሙከራዎች ጆንሰን ሲ ሊንክ የተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ተወለደች። ከፊቷ ብርሃን የሚያስተላልፍ የአክሪሊክ ሉል፣ ከኋላዋ ጠላቂዎች የሚወጡበት የአሉሚኒየም ክፍል ነበራት።

በሰኔ 17 ቀን 1973 ይህች ጀልባ ፍሎሪዳ ኪ ዌስት አቅራቢያ ሆን ተብሎ በሰመጠ የጦር መርከብ ስብርባሪ ገመዶች ተያዘች። ጥልቀቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው። በውስጧ ከነበሩት አራት ሰዎች አንዱ የሊንክ ልጅ የ31 ዓመቱ ክሌይተን ነበር። አባት ከላይ በመርከቡ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ጠላቂዎች ሊደርሱላት ሞከሩ፤ የውኃው ግፊትና የስብርባሪው ውስብስብነት ከለከላቸው። የኋለኛው ክፍል አሉሚኒየም ቅዝቃዜውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ የተተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥጠው ኬሚካል በብርዱ አቅሙን አጣ። ጀልባዋ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየች በኋላ ስትወጣ ከፊት የነበሩት ሁለቱ በሕይወት ነበሩ። ከኋላ የነበሩት ክሌይተንና ባልደረባው አልበርት ስቶቨር አልተረፉም።

ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች ሳይሞቱ እንዲማሩ የደከመው ሰው ልጁን በሠራት መሣሪያ ውስጥ አጣ። ሊንክ ከዚህ በኋላ ሥራውን አልተወም። ሰው የማይገባበት፣ በገመድ ከላይ የሚታዘዝ፣ ካሜራ፣ መብራትና መቁረጫ ያለው የነፍስ አድን መሣሪያ ነደፈ። የተያዘች ሰርጓጅ ጀልባ ሌላ ጊዜ ረዳት እንዳታጣ የታሰበ ነበር።

ከሊንክ በኋላ

ኤድዊን ሊንክ መስከረም 7 ቀን 1981 በ77 ዓመቱ ቢንግሃምተን ውስጥ አረፈ። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ወናፎቹ ቦታቸውን ለቀዋል። በ1950ዎቹ መሐንዲሱ ኤሪክ ጎፍ በእንግሊዙ ደንሎፕ ኩባንያ የመኪና ጎማ ለመፈተሽ በስድስት እግሮች የሚንቀሳቀስ መድረክ ሠራ፤ በ1965 ደግሞ ዲ. ስቱዋርት ተመሳሳይ ሐሳብ ለበረራ ማሠልጠኛ አቀረበ። አዲስ አበባ የሚገኘውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ጨምሮ፣ አብራሪዎች የሞተር መጥፋትንና የእሳት አደጋን የሚለማመዱባቸው ሲሙሌተሮች በስድስት እግር መድረክ ላይ የቆሙ ናቸው።

በየቤቱ ወንበር የሚገጣጥሙት የእሽቅድምድም ወዳጆችም የሚሠሩት በዚሁ ጥበብ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የገዛ ክብደታቸው ከመደገፊያው ጋር ያጣብቃቸዋል፤ ስክሪኑ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ አእምሮ ይህን እንደ ፍጥነት ይቆጥረዋል። አብራሪን ጉም ውስጥ የሚያሳስተው ያው የጆሮ ሚዛን እዚህ የደስታ ምንጭ ይሆናል። ሊንክ በ1929 መሣሪያውን ለሥልጠናም ለመዝናኛም ብሎ ሲያስመዘግብ፣ ሁለቱም መንገዶች ይህን ያህል ዘመን ይዘልቃሉ ብሎ የገመተ ጥቂት ሰው ነበር።