ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ እና የጉልበት እንቅስቃሴ ስሌት

ሰው በገዛ ፈቃዱ ጉልበቱን ሲዘረጋ ጡንቻው የሚያወጣው ኃይል ከሚያነሣው ክብደት እጅግ እንደሚበልጥ በስሌት ካሳዩት ቀደምት ሊቃውንት ዋነኛው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ነው። ቦሬሊ እ.ኤ.አ. በ1608 በኔፕልስ ተወለደ። በሮም ከጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ከቤኔዴቶ ካስቴሊ ሒሳብ ተማረ። በመሲና ካስተማረ በኋላ በ1656 ወደ ፒሳ ተዛወረ፤ በዚያም ከሐኪሙ ማርቼሎ ማልፒጊ ጋር ተወዳጅቶ የእንስሳትን አካል በጋራ መመርመር ጀመረ።

በዘመኑ ጡንቻ በትንሽ ኃይል ትልቅ ክብደት ያነሣል የሚል አስተሳሰብ ነበር። ቦሬሊ ግን ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አስረዳ። አጥንትን እንደ መፈንቅል፣ መገጣጠሚያውን እንደ መደገፊያ ነጥብ ወሰደ። ጅማቱ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለሚያያዝ ጡንቻው ሁልጊዜ በአጭር ክንድ ይስባል። ለምሳሌ አንድ ሰው ተቀምጦ ቅልጥሙን አግድም ሲዘረጋ፣ ከጉልበቱ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ 5 ኪሎ ግራም ቢንጠለጠልና የጅማቱ ክንድ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቅልጥሙ ክብደት ሳይታከል የጭኑ ጡንቻ የ50 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መሳብ አለበት። የጉልበት ሎሚ ጅማቱን ወደ ፊት ገፍቶ ክንዱን ባያረዝመው ኖሮ ሸክሙ ከዚህም በከፋ ነበር። በምላሹ ጡንቻው ጥቂት ሲያጥር እግሩ ሰፊ ርቀት በፍጥነት ይጓዛል።

ይሁንና ቦሬሊ ሁሉን አላገኘም። ጡንቻ የሚኮማተረው ከነርቭ የሚመጣ ፈሳሽ ከደም ጋር ተቀላቅሎ ስለሚያሳብጠው ነው ማለቱ በኋላ ውድቅ ሆኗል። ጉልበትም እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ ብቻ እንደማይዞር፣ ይልቁንም የጭን አጥንት በቅልጥም አጥንት ላይ እየተንከባለለና እየተንሸራተተ እንደሚሄድ ወንድማማቾቹ ቪልሄልምና ኤድዋርድ ቬበር በ1836 ባሳተሙት ጥናት ገልጸዋል።

ቦሬሊ ወደ መሲና ከተመለሰ በኋላ በስፔን አገዛዝ ላይ በተነሣው ተቃውሞ ተጠርጥሮ ወደ ሮም ተሰደደ። በዚያ የስዊድን ንግሥት የነበረችው ክርስቲና ደገፈችው፤ ኑሮው ግን በድህነት ተፈጸመ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1679 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር፤ በ1680 እና 1681 በሁለት ክፍል ወጣ።

የቦሬሊ ስሌት ዛሬም ለተሐድሶ ሕክምና ትርጉም አለው። ጡንቻው አጥንቶቹን እርስ በርስ እየተጫነ ስለሚስብ፣ ታካሚው ራሱ የሚዘረጋው ጉልበት ሌላ ሰው ከሚዘረጋለት ጉልበት የበለጠ ጫና ይሸከማል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ክብደት ትንሽ መሆኑ ብቻ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ጫና ትንሽ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።