ካተሪ ተካክዊታ፤ የሞሃውክ ልጅ፣ የካናዋኬ ቁምስና ክብር

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! የቅዱሳንን ገድል ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የነገሥታትን ልጆች፣ የገዳም መሥራቾችንና ታላላቅ ሊቃውንትን ነው። ዛሬ የምናነሣት ግን ፊደል ያልቆጠረች፣ ዐይኗ የደከመ፣ ፊቷ በፈንጣጣ የተበላሸ ወላጅ አልባ ልጅ ናት። በዚህ ዓለም የኖረችውም 24 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ካተሪ በ1656 ዓ.ም. በዛሬዋ አሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሞሃውክ ወንዝ ሸለቆ ተወለደች። ሞሃውኮች ኢሮኳ በሚባለው የአምስት ሕዝቦች ኅብረት ውስጥ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ እያመረቱ፣ በዛፍ ቅርፊት በተሸፈኑ ረጃጅም ቤቶች ብዙ ቤተ ሰብ በአንድነት ይኖር ነበር። አባቷ የሞሃውክ አለቃ ሲሆን የአባቶቹን እምነት የሚከተል ሰው ነበር። እናቷ ግን በጦርነት ተማርካ የመጣች፣ የአልጎንኪን ወገን የሆነች ክርስቲያን ነበረች።

ልጅቱ ገና አራት ዓመት ገደማ ሳለች ፈንጣጣ መንደሩን አጠቃው። ይህ ክፉ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሽማግሌዎች መንገር አያስፈልግም። ለሞሃውኮች ግን ከባሕር ማዶ ከመጡ ሰዎች ጋር የደረሰ አዲስ መቅሠፍት ነበር። አባቷን፣ እናቷንና ታናሽ ወንድሟን በአንድ ጊዜ ወሰደባት። እርሷ ብትተርፍም ፊቷ ጠባሳ ሆኖ ቀረ፤ ዐይኗም ብርሃን መቋቋም ተሳነው። ተካክዊታ የሚለው ስሟም በእጇ እየዳሰሰች የምትሄድ ማለት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ አለቃ የነበረው አጎቷ ወስዶ አሳደጋት።

በ1666 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር የሞሃውክን መንደሮች ከነእህል ጎተራቸው አቃጠለ። በማግሥቱ ዓመት ሰላም ሲወርድ የኢየሱስ ማኅበር ካህናት ወደ መንደሩ መጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ወንጌሉ የደረሰው ቤታቸውን ካቃጠለው ጦር ወገን በሆኑ ሰዎች እጅ ነበር። አጎቷ አዲሱን እምነት ቢጠላው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተጠመቁት ሰዎች መንደሩን እየለቀቁ ወደ ካናዳ ይሄዱ ስለነበር፣ የሕዝቡ ቊጥር ሲመናመን እያየ አለቃ ዝም ሊል አይችልም።

ተካክዊታ ሥራ ወዳድና ጭምት ነበረች፤ በዶቃ ሥራና በጥልፍ እጇ የተባረከ ነበር። ዘመዶቿ ሊድሯት ፈልገው አንድ ቀን አንድ ወጣት አጠገቧ አስቀመጡና የበቆሎ ገንፎ እንድታቀርብለት አዘዟት። በወጉ መሠረት ገንፎውን ማቅረብ ጋብቻውን መቀበል ነበር። እርሷ ግን ነገሩ ሲገባት ተነሥታ ወደ እርሻው ሮጠች። ከዚያም የተነሣ ከባድ ሥራ እየጫኑ ቀጧት፤ እርሷም ሳታጉረመርም ሠራች።

በ1675 ዓ.ም. እግሯ ተጎድቶ ቤት ውላ ሳለ አባ ዣክ ደ ላምበርቪል ሊጠይቋት ገቡ፤ እርሷም ለመጠመቅ የምትፈልግ መሆኗን ነገረቻቸው። በ1676 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ተጠመቀች፤ የሲየናዋን ቅድስት ካተሪና ስም ወሰደች። ካተሪ ማለት ይኸው ስም በሞሃውክ አነጋገር ነው። ከዚያ በኋላ መከራው በረታ። እሑድ ወደ እርሻ አልሄድም በማለቷ ምግብ ተከለከለች፤ ልጆች ድንጋይ ወረወሩባት። አንድ ጎረምሳም መጥረቢያ አንሥቶ ሊመታት ሲቃጣ እርሷ አንገቷን ደፍታ ጠበቀችው፤ ሰውየውም ደንግጦ ሄደ።

በ1677 ዓ.ም. አጎቷ በሌለበት ጊዜ ከሁለት ሰዎች ጋር መንደሩን ለቃ ወጣች። በጫካና በታንኳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ በሞንትሪያል አጠገብ ወዳለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዛቪየር ሚስዮን ደረሰች። ይህ ሚስዮን በ1667 ዓ.ም. ላ ፕሬሪ በሚባል ስፍራ ተጀምሮ፣ በ1676 ዓ.ም. በሰንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር ፈጣን ውኃ ወዳለበት ቦታ ተዛውሮ ነበር። ካናዋኬ የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ፈጣን ውኃ ነው። ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ አማንያን በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ጸሎታቸውንም በቋንቋቸው ያደርሱ ነበር።

ካተሪ በዚያው ዓመት በልደት በዓል ቅዱስ ቁርባን ተቀበለች። ማለዳ በብርድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትቆም ነበር፤ ሕሙማንንና አረጋውያንን ትረዳ ነበር። መጋቢት 25 ቀን 1679 ዓ.ም. ራሷን በድንግልና ለክርስቶስ ሰጠች። ለሰውነቷ ግን አልራራችም። ሦስት ሌሊት በእሾህ ላይ መተኛቷን የነፍስ አባቷ በሰሙ ጊዜ እሾሁን እሳት ውስጥ እንድትጥል አዘዟት፤ እርሷም ታዘዘች። ወጣቶች ሆይ! ቅድስና ሰውነትን ማጥፋት እንዳይደለ ከዚህ እንማር። ከገዛ ፈቃድ ጾም መታዘዝ ይበልጣል።

ደካማው ሰውነቷ ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 17 ቀን 1680 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ የኢየሱስን ስም እየጠራች ዐረፈች። በአጠገቧ የነበሩት አባ ፒየር ሾለኔክ እንደ ጻፉት፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የፊቷ ጠባሳ ጠፍቶ ፊቷ አምሮ ታየ። ሁለት ፈረንሳውያን መንገደኞችም የተኛች መስሏቸው ካለፉ በኋላ መሞቷን ሲሰሙ ተመልሰው የሬሳ ሣጥን ሠሩላት።

ሚስዮኑ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቦታ ቀይሮ በ1716 ዓ.ም. ዛሬ ባለበት ስፍራ ረጋ። አሁን ያለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ1845 ዓ.ም. ነው፤ የካተሪ ዐፅምም በነጭ እብነ በረድ መቃብር በውስጡ ይገኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1980 ዓ.ም. ብፅዕት፣ በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ ጥቅምት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅድስት ብለው አወጁ። ከአሜሪካና ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ወገን ለዚህ ክብር የበቃች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ደስታ ብቻ አይደለም። በኋለኛው ዘመን በካናዳ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመሩ በነበሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀዋል፤ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩም ተከልክለዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በሐምሌ ወር 2022 ዓ.ም. ካናዳ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ከነባሩ ሕዝብ መካከልም ካተሪን የሚወድዷት እንዳሉ ሁሉ፣ ስሟን ሲሰሙ ያንን ቁስል የሚያስታውሱ አሉ። ሁለቱንም መስማት ይገባል።

ካተሪ ክርስቲያን ስትሆን ሞሃውክነቷን አልጣለችም። በቋንቋዋ ጸለየች፤ በወገኖቿ ልብስ ኖረች፤ በወገኖቿ መካከል ሞተች። በእኛም አገር በ1839 ዓ.ም. የመጡት አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የሕዝቡን ቋንቋና ሥርዓት አክብረው በማስተማራቸው ይታወሳሉ። ወንጌል የሰውን ልብ እንጂ ቋንቋውን ሊነጥቅ አልመጣም። እንግዲህ እኛም እምነታችንን በማንነታችን ሳናፍር፣ ማንነታችንንም በእምነታችን ሳናፍር እንድንይዝ፣ ወንድሞቻችንንም በግድ ሳይሆን በፍቅር እንድንስብ አምላከ ቅዱሳን ይርዳን። አሜን።