ፓውል ሬነርና የክብ ፊደል ፈተና

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የተተከሉትን ታፔላዎች ሳያነብ አያልፍም። በእነዚህ ታፔላዎች ላይ ከአማርኛው ጎን የሚጻፈው የላቲን ፊደል ብዙውን ጊዜ ወፍራም፣ ክብ ክብ ያለና በዘንጎቹ ጫፍ ትንንሽ እግር የሌለው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቅርጽ መስፋፋት ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፓውል ሬነር ነው።

ሬነር እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. ቬርኒገሮደ በምትባል ከተማ ተወለደ። ትምህርቱ ሥዕል ሲሆን፣ ከ1907 ጀምሮ ግን በሙኒክ የመጻሕፍትን ገጽታ በማዘጋጀት ሥራ ታወቀ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የጀርመን መጽሐፍ የሚታተመው ፍራክቱር በሚባለው፣ ማዕዘኑና ጌጡ በበዛ ፊደል ነበር። ሬነርም በ1924 ክብን፣ ሦስት ማዕዘንንና አራት ማዕዘንን መሠረት ያደረገ አዲስ ፊደል መንደፍ ጀመረ። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ንድፎች አንዳንዶቹ ለአንባቢ እጅግ እንግዳ ስለ ነበሩ፣ የፍራንክፈርቱ ባወር የፊደል ማቅለጫ ድርጅት በ1927 ፉቱራ ብሎ ባወጣው ፊደል በተለመዱት ቅርጾች ተተኩ።

የፉቱራ ምሥጢር በኮምፓስ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ክቡ ፊደል ከቀጥተኛው እኩል ሆኖ እንዲታይ ከመስመሩ በጥቂቱ ያልፋል፤ ቅስቱ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ደግሞ ይቀጥናል። አለዚያ በወፍራሙ ዓይነት መጋጠሚያው ሁሉ የቀለም ጠብታ ይመስላል። ስለዚህ ኮምፓስ የጀመረውን የፈጸመው ዓይን ነው።

ሬነር በሙኒክ የአታሚዎች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሳለ፣ በ1932 የናዚዎችን የባህል መርሕ የሚነቅፍ መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት ታሰረ፤ ከሥራውም ተባረረ። ያባረረው መንግሥት ግን በ1941 ፍራክቱርን ራሱ ከለከለ። ሬነር በ1956 በሆዲንገን አረፈ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ አፖሎ 11 በጨረቃ ላይ ትታው በመጣችው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው በፉቱራ ነበር።

ዛሬ የግዕዝን ፊደል ለታፔላና ለፖስተር አወፍራለሁ የሚል ባለሙያ ከዚህ ሕይወት የሚወርሰው ቅርጹን ሳይሆን ጥንቃቄውን ሊሆን ይገባል። በእርግጥ «ዐ» እና «መ» ለክብ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ላቲኑ እግሩን ቢጥል ጌጥ ብቻ ነው የሚያጣው፤ የእኛ «ቢ» እግሩን ቢጥል ድምፁን ያጣል። የ«ቡ» ጭረት ከወገቡ፣ የ«ቢ» ጭረት ከእግሩ መሆኑ በውፍረት ብዛት ከተሸፈነ፣ ካዕብና ሣልስ ይደባለቃሉ። ፊደልን ማቅለል መልካም ነው፤ ግን የሚቀነሰው ጌጥ ነው ወይስ ድምፅ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።