የዉድፎርዷ አዘጋጅና የቡሬ መንገድ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በተጓዝኩ ቁጥር ከአርበኞቹ ጋር አንዲት የጋዜጣ አዘጋጅም ትዝ ይሉኛል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ፣ በለንደን ዳርቻ ዉድፎርድ የሚኖሩት ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ በየሳምንቱ ጋዜጣ ማውጣት ከጀመሩ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር።

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ማንችስተር ተወለዱ። ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ደጋግመው ታስረዋል፣ እስር ቤት ሆነውም የረሃብ አድማ መትተዋል። የዘር ጥላቻን መጋፈጥ የጀመሩት በእኛ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ዴይሊ ሄራልድ የተባለው ጋዜጣ ጀርመን ስለገቡት የፈረንሳይ ጥቁር ወታደሮች ነውረኛ ጽሑፍ አወጣ። ጃማይካዊው ገጣሚ ክላውድ ማኬይ የላከውን መልስ ጋዜጣው አላትምም ሲል፣ ሲልቪያ በራሳቸው ጋዜጣ አወጡለት፤ የሥራ ባልደረባቸውም አደረጉት። ዴይሊ ሄራልድ የሠራተኛው ወገን ጋዜጣ እንደነበረ ልብ ይሏል። ባላጋራን መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው የራስን ወገን ነው።

የ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትም ቀኑ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበት ዕለት! የኢትዮጵያ ነገር አበቃለት በተባለበት ሰዓት መሆኑ ነው። የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ፣ የአርበኞቹን ውሎ እየተከታተሉ አተሙ።

ሕግ የተማርኩ ነኝና ይበልጥ የሚከነክነኝ ሮም በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ያወጣችው ድንጋጌ ነው። በቅኝ ግዛቷ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዛል። ጥላቻው የሰካራም ስድብ አልነበረም፤ ቁጥር፣ አንቀጽና ዳኛ ነበረው። እንዲህ የተደራጀውን ኃይል ነው በአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ የገጠሙት። ናዚዎችም እንግሊዝን ቢይዙ ከሚያስሯቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን አስገብተው ነበር።

ከድል በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ሊይዛት ከቃጣው ከገዛ መንግሥታቸው ጋር ተያያዙ። ለጃንሆይ ሲሆን ግን ብዕራቸው ይዶለዱም ነበር። በላይ ዘለቀን በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ያጣው ጎጃም ይህን ቢታዘብባቸው አልፈርድበትም።

በ1948 ዓ.ም. ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥተው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ያዙ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በ78 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከአርበኞቹ ጋር ነው።