በፉጨት ያዝዝ የነበረው የእሳት አደጋ ሹም

በወልድያ ገበያ ወይም በመርሳ ከተማ አንድ ሱቅ እሳት ቢይዘው፥ መጀመሪያ የሚሰማው እሪታ ነው። ጎረቤት ሁሉ ውሃ ይዞ ይሮጣል፤ አንዱ ጣሪያው ይፍረስ ሲል ሌላው ዕቃው ይውጣ ይላል። ርዳታው ሳይጎድል አዛዡ ይበዛና ቤቱ ይነዳል። ለዚህ ችግር መላ በማበጀት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ጄምስ ብሬድዉድ ይባላል።

ብሬድዉድ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ እ.ኤ.አ. በ1800 ተወለደ፤ በወጣትነቱም የሕንፃን አሠራር ተማረ። በ1824 ከተማይቱ የራስዋን የእሳት አደጋ ጓድ ስታቋቁም፥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ሹም ሆነ። ሰዎቹንም ከግንበኞች፥ ከአናጢዎችና ከጣሪያ ሠሪዎች መረጠ፤ ግድግዳ መቼ እንደሚወድቅ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና።

ከተሾመ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ በከተማይቱ ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። ጓዱ ገና አልሠለጠነም፤ ሹማምንቱም በየፊናቸው ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። ብዙ ቤት ከወደመ በኋላ፥ በእሳት ቦታ የሚያዝዘው የእሳት አደጋው ሹም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ድምፅ በዚያ ጫጫታ መካከል እንዴት ይሰማል? ብሬድዉድ የመርከበኞችን ፉጨት ወስዶ ለየትእዛዙ የተለየ ምልክት አወጣ። ዛሬ አለቃው ከባልደረቦቹ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ለዚያው ጉዳይ ነው፤ የመኪናውም ሲረን መንገደኛውን ዘወር በል የሚል ትእዛዝ ነው።

በ1833 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በለንደን ያቋቋሙትን ጓድ እንዲመራ ተጠራ። በውጭ ቆሞ ውሃ ከመርጨት ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ የእሳቱን ምንጭ መምታት እንደሚሻል፥ ማንም ግን ብቻውን እንዳይገባ አስተማረ። ትላልቅ መጋዘኖች አደገኛ መሆናቸውንም አስቀድሞ ያሳስብ ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. በቴምስ ወንዝ ዳር በቱሊ ስትሪት መጋዘኖች ተቃጠሉ። እሳት እንዳያሳልፉ የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። ብሬድዉድ የደከሙትን ሰዎቹን ሲያበረታ ግድግዳ ተንዶበት ሞተ። እሳቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። በ1865 ፓርላማው ሕግ አውጥቶ የእሳት አደጋን ሥራ የሕዝብ አገልግሎት አደረገው።

የእሳት አደጋ መኪና ዋጋው ብዙ ነው። ማን እንደሚያዝዝና ትእዛዙ በምን ምልክት እንደሚሰማ አስቀድሞ መወሰን ግን ለሀብሩም ሆነ ለወልድያ ወጣት ሹም አንድ ሳንቲም አያስወጣውም።