በብዕሩ ያደረ ሰው፦ የአቤ ጉበኛ ሕይወትና የመጻፍ ዕዳው

ይህ መጽሔት እስከ ዛሬ ስለ ድልድይ፣ ስለ መስኖና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ሲያስነብበን ቆይቶ፣ ዘንድሮ ስለ አንድ የልብ ወለድ ደራሲ እንድጽፍ ከዝግጅት ክፍሉ ሲጠይቀኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አሳቤ የመጣው አቤ ጉበኛ ነው። ምክንያቱም የቤት ነገር ነው። ወልድያ ባደግሁበት ቤት፣ መምህር የነበሩት አባቴ በሣጥን ከሚያኖሯቸው ጥቂት መጻሕፍት አንዱ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ «አልወለድም» ነበር። በልጅነቴ ርእሱ ብቻ ያስፈራኝ ነበር፤ መሐንዲስ ከሆንሁ ወዲህ ግን ከታሪኩ ይልቅ የጸሐፊው አኗኗር ያሳስበኝ ጀመር። ይኸውም የመንግሥት ደመወዙን ትቶ፣ በብዕሩ ብቻ ለማደር የቆረጠ ሰው አኗኗር ነው።

አቤ በ1925 ዓ.ም. በጎጃም፣ በአቸፈር፣ ኮረንች አቦ በተባለው ሥፍራ ተወለደ። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ፤ ቅኔም ቆጠረ። ስለ ድርሰት ልማዱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከሜዳ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ የራሱን አዲስ ቅኔ መንገር አለበት፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆነውም። በዚህ ላይ ሰሙን ከላይ፣ ወርቁን ከሥር ማድረግ ይማራል። አቤ በኋላ ዘመን ከ20 የማያንሱ መጻሕፍትን በተከታታይ ሊያወጣ የቻለው፣ የአገሩንም ገዥዎች ነውር በምናብ አገር ስም ሸፍኖ ሊናገር የደፈረው፣ በዚያ ሜዳ ላይ የተማረውን ይዞ ይመስለኛል።

ዘመናዊ ትምህርትም ተምሮ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት፣ ቀጥሎም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሠራ። ከዚያ ተወው። በአገራችን ሙሉ ጊዜያቸውን ለድርሰት ሰጥተው ከመጽሐፍ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ለመኖር ከሞከሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው።

ይህ ሙከራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመገመት የኅትመቱን ሥራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የኅትመትን ወጪ ተሸክሞ የሚያሳትም ድርጅት በዚያን ጊዜ እምብዛም አልነበረም፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የተቋቋመው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ደራሲው ረቂቁን ለሳንሱር ያቀርባል፤ ሲፈቀድለት ከማተሚያ ቤት ጋር ይዋዋላል። ፊደሉ የእርሳስ ነው። የላቲን ፊደል ትልቁና ትንሹ ቢደመር 52 ሲሆን፣ የእኛ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩም ከዚያ ያልፋል። ፊደል ለቃሚው ከዚህ ሁሉ ሣጥን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ለአንድ ቅጠል የተለቀመው እርሳስም ታትሞ እስኪያበቃ ድረስ አይፈታም። ስለዚህ ሥራው ቀርፋፋ፣ ዋጋውም አስቀድሞ የሚከፈል ነው፤ ገቢው ግን ከመጽሐፍ ሻጮች እጅ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይመለስ ይቀራል። በእኛ ሙያ አነጋገር ደራሲው ቅድሚያ ክፍያ ሳይቀበል፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ሳይኖረው፣ ሙሉውን ኪሣራ በራሱ ላይ አድርጎ የሚገባ ሥራ ተቋራጭ ነበር ማለት ነው።

ኪሣራውም አልዘገየም። «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጣ። በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ የሚጠብቀውን ዓለም ተመልክቶ አልወለድም ብሎ ሲከራከር የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ግፍን፣ ድህነትን፣ የሹማምንትን ብልግና የሚነካ ስለ ነበረ፣ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ታገደ፤ ቅጂዎቹም ተወረሱ። ማተሚያውን መንግሥት ወይም አሳታሚ ቢከፍል ኖሮ የሚጎዳው ስሙ ብቻ በሆነ ነበር። አቤ ግን የተቀጣው በስሙም በኪሱም ነው። በኋላም ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ፣ ተግዞ ተቀመጠ። ያም ሆኖ መጻፉን አልተወም።

ለምን? ከሥራዎቹ እንደምረዳው ገንዘብም ዝናም አልነበረም። ስለ ሮም አወዳደቅ ጻፈ፤ ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ አሟሟት ጻፈ፤ በ«አንድ ለናቱ» ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተመለሰ። አርእስቱ ቢለያዩም የሚያሳስበው ሥልጣን ነው፤ የሚያነሣውና የሚጥለው፣ በመካከሉም የሚረገጠው ሰው። በዚህ ላይ ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም፤ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ በራሳቸው አንደበት ሳይሆን በደራሲው አንደበት ይሰብካሉ፤ ታሪኩ ቆሞ ትምህርቱ የሚሄድባቸው ገጾች አሉ። እኔም ዘልያቸዋለሁ። ነገር ግን ያ ስብከት የተጻፈው ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመርሳ ወዲያ የተሠራ አንድ ካልቨርት ሙሌቱ በደንብ ሳይጠቀጠቅ የርክክብ ሰነዱን እንድፈርም አለቃዬ ጠየቀኝ። ደመወዜን አሰብሁና ፈረምሁ። በክረምቱ ጎርፉ ጠርጎት ሄደ፤ ሰው ባይጎዳም የሁለት ገበሬዎች ማሳ በድንጋይ ተሸፈነ። በዚያ ሰሞን ነው የአባቴን ሣጥን ከፍቼ መጽሐፉን እንደገና ያነበብሁት።

አቤ በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የደራስያን ጉባኤ ተካፋይ ነበር። እኛ ዘንድ፣ ከውጫሌ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ ቆቦ በሚወጣው ጎዳና ዳር፣ ሕዝብ በረኃብ የወደቀበትና መንግሥትም ነገሩን ለመሸፈን የሞከረበት ወራት ነው። መናገር የተከለከለ ነገር ምን ያህል ሰው እንደሚፈጅ ለማወቅ ወሎ ልብ ወለድ አላስፈለጋትም። የንጉሡ መንግሥት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ፤ የታገደውም መጽሐፍ ከአብዮቱ በኋላ እንደገና ታተመ። በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ስለ ነበሩ አንድ አዛውንት ፊታውራሪና ስለ ቤተ ሰባቸው የሚተርከው «ዲፋያንስ» ደግሞ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ።

አቤ ጉበኛ በየካቲት 1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። ዕድሜው ገና 46 ነበር። አባቴ የያዙት ቅጂ ከአብዮቱ በኋላ የታተመው ሲሆን፣ የገዙት ደሴ ሲማሩ ከምግባቸው ቀንሰው ነው።